ፀጉራም አሻንጉሊት በማርከር እንዴት ይቀባል? ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ

ላቡቡ የሚባለውም ይሁን ሌላ፣ ሰዎች የሚሰበስቡት ፀጉራም አሻንጉሊት ካላችሁና ቀለሙን ቀይራችሁ ማንም ዘንድ የሌለ ልታደርጉት ካሰባችሁ ማርከር ጥሩ መጀመሪያ ነው። ስፌት መፍታት የለ፣ ቀለም ማፍላት የለ፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ግን ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት አሻንጉሊቱን እጃችሁ ላይ አገላብጣችሁ እዩት። አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ከሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች የተሠራ ነው። ገላውና ጆሮው ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር። ፊቱ፣ እጁና እግሩ ደግሞ ቪኒል የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ለፀጉሩ የሚሆነው ማርከር ፊቱን ያበላሻል፣ ለፊቱ የሚሆነው ደግሞ ፀጉሩን ያደነድነዋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፍለን ነው የምንሄደው፤ መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ፊቱ በሌላ ቀን።

የትኛውን አሻንጉሊት?

ፈዛዛውን። ይሄ ምርጫ ብቻውን የሥራውን ግማሽ ይወስናል። የማርከር ቀለም ሥሩ ያለውን ቀለም አይሸፍነውም፣ ይደመርበታል። ክሬም ፀጉር ላይ ሮዝ ብታስነኩ ሮዝ ይወጣል። ሰማያዊ ፀጉር ላይ ቢጫ ብታስነኩ ግን አረንጓዴ ነው የምታገኙት። ቡኒ ላይ ሮዝ ከሆነ ቀላ ያለ ቡኒ፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ምንም። ከጠቆረ ወደ ፈዛዛ የሚመልስ ማርከር የለም፣ ስለዚህ ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ግራጫ ወይም በጣም ፈዛዛ ሮዝ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው፣ የገንዘቡም የልባችሁም። አንዴ የተቀባ አሻንጉሊት ለሰብሳቢዎች ዋናው አይደለም፣ ሣጥኑና ካርዱ ቢኖር እንኳ። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የትኛው እንደሚደርሳችሁ ሳይታወቅ በታሸገ ሣጥን ነው የሚሸጡት፤ ምስጢራዊ የሚባለው፣ እምብዛም የማይገኘው ዕትም ከደረሳችሁ አትንኩት። አንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ ከደረሳችሁ አንዱን፣ ወይም ቀለሙን ያልወደዳችሁትን ለዚህ አውጡት።

ለመለማመጃ ብለው አስመስሎ የተሠራውን የሚገዙም አሉ። ላቡቡ ከሆነ ዋናው 9 ጥርስ ነው ያለው፤ ቆጥራችሁ ከበዛ ወይም ካነሰ የተኮረጀ ነው። ቀለም ለመሞከር ይሆናል፣ አልከራከርም፣ ግን ፀጉሩ ስታበጥሩት ብዙ ጊዜ ይነቀላል፣ ዓይኑና እግሩም አንዳንዴ በደንብ የተጣበቀ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በነሐሴ 2025 ስለ ተኮረጁት ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እየተነቀሉ ሕፃን ሊያንቁ ይችላሉ ብሎ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ለመለማመጃም ቢሆን ባይገባ ይሻላል።

ማርከሩ

ለፀጉሩ የሚያስፈልጋችሁ የአልኮል ማርከር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም፤ ክሩ ከክብደቱ 1 በመቶ የሚሆን እርጥበት እንኳ አይዝም። የልጆች የውሃ ማርከር ብታስነኩት ቀለሙ ላዩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል፣ ሲደርቅም እጅ ይዞ ይወጣል። አልኮል ግን በየክሩ ላይ ስስ ሆኖ ይሰራጫል፣ ቶሎ ይተናል፣ ቀለሙን እዚያው ትቶት ይሄዳል። ኮፒክ፣ ኦሁሁ፣ ሻርፒ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ለጀማሪ ውዱ አያስፈልግም። የኮፒክ ጥቅሙ ሲያልቅ ቀለም መሙላት፣ ጫፉንም መቀየር መቻሉ ነው፤ ፀጉር ደግሞ ጫፍ ይበላል፣ ብዙ ለመቀባት ላሰበ ሰው ያ ትርጉም አለው። ለአንድ አሻንጉሊት ግን ባለ ሁለት ጫፍ የሆነ ማንኛውም የአልኮል ማርከር ይበቃል። አንዱ ጫፍ እንደ ብሩሽ ለስላሳ፣ ሌላው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነውን ፈልጉ። ገላ በሰፊው፣ ጆሮና ዝርዝር በብሩሹ።

የጨርቅ ማርከር የሚባለውን እንዳትገዙ። ስሙ ያታልላል። አብዛኛው የተሠራው ለጥጥ ነው፣ እንዲይዝም በካውያ መተኮስ ይፈልጋል። ፀጉራም ፖሊስተር ላይ ካውያ ማሳረፍ ማለት ፀጉሩን ማቅለጥ ነው።

ለፊቱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቪኒል ላይ የአልኮል ማርከር ስታሳርፉ መጀመሪያ በጣም ያምራል። ጥርት ያለ መስመር ይወጣል። ችግሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ቪኒል ለስላሳ የሆነው ውስጡ ማለስለሻ ስላለው ነው፣ የማርከሩ ቀለም ደግሞ በዚያ ማለስለሻ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ከወራት በኋላ ቀጭኑ ሽፋሽፍት ዙሪያው ይደበዝዛል፣ ወፍራም ጥላ ይሆናል፣ ወደ ውስጥ ስለገባም አይጠረግም። ስለዚህ ፊት፣ እጅና እግር በአክሪሊክ ማርከር ብቻ። ፖስካ የታወቀው ነው። ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ስለሆነ ላዩ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ሥሩ ያለውንም ይሸፍናል። 0.7 ሚሊሜትር ጫፍ ያለውን ውሰዱ፣ ለዓይንና ለነጠብጣብ ከዚያ የወፈረ ያስቸግራል።

ቀለም ስትመርጡ አታብዙ። ለመጀመሪያ ሥራ አንድ ዋና ቀለም፣ ከዚያው ዘር አንድ ጠቆር ያለ፣ አለቀ። የዋናው ቀለም ማርከር ግን ሁለት ይሁን፣ አንድ ማርከር ገላውን ሳይጨርስ ሊደርቅ ይችላል። ፀጉር ከወረቀት በጣም የበለጠ ቀለም ይጠጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ክር ዙሪያውን ነው የምትቀቡት።

ሌላ የሚያስፈልገው

ማበጠሪያ ያለሱ ሥራው አይሠራም። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ማበጠሪያ ወይም ለድመትና ለውሻ የሚሸጠው ባለ ሽቦ ብሩሽ ጥሩ ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለጆሮና ለጠባብ ቦታ። አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ቢቻል ከ90 በመቶ በላይ የሆነው፤ 70 በመቶውም ይሠራል፣ ውሃው ስለሚበዛ ለመድረቅ ይዘገያል እንጂ። ሶፍት፣ የጆሮ ጥጥ፣ ጓንት፣ ነጭ አሮጌ ካናቴራ ወይም ነጭ ጨርቅ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ አንድ ፌስታል። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ነገርም አትርሱ። ጋዜጣ አይሁን፣ የኅትመቱ ቀለም በአልኮል ይለቅና ነጩን ፀጉር ያቆሽሸዋል። ነጭ ወረቀት ወይም አሮጌ አንሶላ ይሻላል።

መስኮት ክፈቱ። የአንድ ማርከር ሽታ ቀላል ነው፣ ግን እርጥብ ፀጉር ላይ ለሰዓታት ጎንበስ ስትሉ የሚተነው አልኮል ራስ ያዞራል። ሻማ፣ ሲጋራ፣ የበራ ምድጃ በአካባቢው አይኑር። የአይሶፕሮፒል ትነት በቤት ሙቀት እሳት ይይዛል፣ በዚህ አይቀለድም።

1. መጀመሪያ በወረቀት

የአሻንጉሊቱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም አንሱ። ስልካችሁ ላይ በጣታችሁ ቀለም ቀቡበት፣ ወይም ቅርጹን ወረቀት ላይ ነድፋችሁ ቀቡት። የሚያምር ሥዕል መሆን የለበትም። የምትፈልጉት ቀለሙ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ መወሰን ብቻ ነው። የጆሮው ጫፍ ብቻ? ጆሮና ጅራት? ከእግር እስከ ወገብ? ሳይወሰን የተጀመረ ቀለም ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይሄዳል።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ብቻ ቀቡ። ከሥሩ ክሬም፣ ወደ ጫፉ እየደመቀ የሚሄድ አንድ ቀለም። ትንሽ ቦታ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ የተለፋበትን ሙሉ ገላ ያህልም ይታያል። ከወደዳችሁት ወደ ገላው ትቀጥላላችሁ። ካልወደዳችሁት ደግሞ የቀረው አሻንጉሊት ንጹሕ ነው።

2. ስውር ቦታ ላይ ሞክሩ

ይቺን እንዳታልፏት። ከኋላ ስያሜ ጨርቁ ሥር፣ ወይም ብብቱ ውስጥ፣ የማይታይ ትንሽ ቦታ ፈልጉና ጥፍር የምታክል ቀለም አስነኩ። አበጥሩት። 24 ሰዓት ተዉት። በማግስቱ በነጭ ጨርቅ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ምንም ካልወጣ ወይም በጣም ስስ ጥላ ብቻ ከወጣ ማርከሩና ፀጉሩ ተስማምተዋል። በደንብ ከለቀቀ ግን ሌላ ማርከር ሞክሩ። ሁሉም ሰው ሠራሽ ፀጉር አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያንሸራትት ነገር ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ቀለም አያሲዝም፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ እርምጃ ላይ ያለው ጠረጋ ይጠቅማል።

እግረ መንገዳችሁን ትክክለኛውን ቀለም እዚህ ታያላችሁ። ክዳኑ ላይ ያለው ቀለምና ፀጉር ላይ የሚወጣው አንድ አይደሉም። እርጥብ ሲሆን የጠቆረ ይመስላል፣ ሲደርቅ ፈካ ይላል። ክዳኑን አይቶ ከመወሰን ይህችን ትንሽ ቦታ አይቶ መወሰን ይሻላል።

3. ማዘጋጀት

ፀጉሩን በደንብ አበጥሩ፣ መጀመሪያ በአቅጣጫው፣ ቀጥሎ በተቃራኒው። የሚነቀለው አሁን ይነቀል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አርጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የሚቀባውን ቦታ ጥረጉ። የእጅ ወዝ፣ አቧራ፣ የፋብሪካ ማለስለሻ ይወጣል። ፊቱ ጋ እንዳትደርሱ ግን ተጠንቀቁ፤ አልኮል የጉንጩን ሮዝና የአፍንጫውን ቀለም ይዞት ይወጣል። ለ10 ደቂቃ ያህል ይድረቅ።

አሁን ፊቱን ሸፍኑ። ፌስታሉን ቆርጣችሁ ፊቱ ላይ አድርጉ፣ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ያዙት። ፀጉሩና ፊቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ፕላስተሩን በጥፍራችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉ። ፊቱን የሚከቡት ክሮች ፕላስተሩ ሥር ገብተው እንዳይቀሩ በጥርስ ብሩሽ ወደ ውጭ መልሷቸው፤ ካልሆነ ፕላስተሩ ሲነሣ ፊቱን የከበበ ነጭ ቀለበት ይቀራል። እጅና እግሩንም እንደዚሁ ጠቅልሉ። ማንጠልጠያ ካለው አውጡት።

4. ጆሮው፣ ከሥር ወደ ጫፍ

እዚህ ቀስ እንበል፣ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ጀማሪ ሲቀባ ማርከሩን ወረቀት ላይ እንደሚያደርገው ያሻሽዋል። ያን ጊዜ ቀለም የሚያገኘው የፀጉሩ ጫፍ ብቻ ነው። ከላይ ሲታይ ያለቀ ይመስላል። እፍ ብላችሁ ስትከፍቱት ግን ሥሩ ነጭ እንደሆነ ነው፣ አሻንጉሊቱ በተነካ ቁጥርም ያ ነጭ ብቅ ይላል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በግራ እጃችሁ አውራ ጣት ፀጉሩን ወደ ኋላ ለጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሥሩ ያለው ጨርቅ እስኪታይ። አንድ መስመር ፀጉር ልቀቁ። የማርከሩን ብሩሽ ጫፍ ከክሩ ሥር አስነሥታችሁ ወደ ጫፉ ጎትቱ። አትጫኑ። ሌላ መስመር ልቀቁ፣ ድገሙ። ፀጉር ቤት ፀጉራቸውን የሚቀቡ ሰዎች በመስመር በመስመር እየከፈሉ የሚቀቡት ለዚሁ ነው።

ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ከቀባችሁ በኋላ ማርከሩን አስቀምጡና አበጥሩ። ሳይደርቅ። ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ እርጥብ እያለ ነው የሚበጠረው። የማርከር ቀለም ውስጥ እንዲይዝ የሚያደርግ ሙጫ መሰል ነገር አለ፣ ከደረቀ ክሮቹን አንድ ላይ ያያይዛቸዋል፣ ፀጉሩም ሹል ሹል ሆኖ ይደነድናል። እርጥብ እያለ ሲበጠር ግን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይደርቃል፣ ማበጠሪያውም ቀለሙን ከሞላበት ወደ ጎደለበት ያደርሰዋል። የማበጠሪያውን ጥርስ በየመሃሉ በሶፍት ጥረጉ። መቀባት፣ ማበጠር፣ መጥረግ፣ ወደ ቀጣዩ ቦታ። እጃችሁ ዜማውን ሲይዝ ደስ የሚል ሥራ ነው።

እየደመቀ የሚሄድ ቀለም ከፈለጋችሁ ከፈዛዛው ጀምሩ። ፈዛዛውን ከጆሮው መካከል እስከ ጫፍ ቀቡ፣ አበጥሩ። ጠቆር ያለውን ከጫፉ አንድ ሦስተኛው ላይ ብቻ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መስመር ይታያል፣ አትደንግጡ። ፈዛዛውን ማርከር መልሳችሁ በዚያ መስመር ላይ አልፉበት፣ ከዚያ ከጠቆረው ወደ ፈዛዛው አቅጣጫ አበጥሩ። ቀለም አልባ የሚባለው ማደባለቂያ ማርከር ካላችሁ ለዚህ ምርጥ ነው፤ ከሌለ የጆሮ ጥጥ በአይሶፕሮፒል ነክራችሁ መስመሩን ደባብሱት። ከሥር በኩል ያለው ነጭ ውስጥ ቀለሙ የሚያልቅበትን ጠርዝ ደግሞ በማርከር ሳይሆን በማበጠሪያ ጨርሱት። ማበጠሪያው ላይ የቀረችው ትንሽ ቀለም ወደ ነጩ ስትገባ ጠርዙ ይጠፋል።

ሁለቱን ጆሮ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ፣ እኩል እየሄዳችሁ። አለዚያ አንዱ ከፍ ብሎ የተቀባ ይሆናል፣ እሱን ለማመጣጠን ሌላውን ስትጨምሩ እንዲህ እያለ ቀለሙ ግንባር ይደርሳል።

5. ወደ ገላው

ጆሮው ከያዘላችሁ ገላውም ያው ነው፣ ቦታው ሰፋ ማለቱ ብቻ። ከኋላ ጀምሩ። እጃችሁ እስኪለምድ የሚሠራው ስህተት ጀርባ ላይ ቢቀር ይሻላል። ሰፊውን ጫፍ ተጠቀሙ፣ አጭር አጭር አድርጋችሁ፣ ከላይ ወደ ታች። አንድ ቦታ ላይ ቀለም ስስ ሆኖ ቢታያችሁ ወዲያው አትጨምሩ፣ እንዲደርቅ ተዉት። እርጥብ ላይ የሚጨመር ቀለም ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ሙሊቱ፣ ማለትም አሻንጉሊቱ ውስጥ ወደታጨቀው ጥጥ መሰል ነገር። ሙሊቱ ከረጠበ ደግሞ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ የሰረገው ቀለምም ያላሰባችሁበት ቦታ ብቅ ሊል ይችላል።

የነብር ነጠብጣብ ወይም ሽንትር የምትፈልጉ ከሆነ አሠራሩ ይለያል። እዚህ ከሥር መቀባት አያስፈልግም፣ ጫፉ ብቻ ነው የሚነካው፣ ማበጠሩም ቀለሙ እስኪደርቅ ይቆያል፤ አለዚያ ነጠብጣቡ ተጎትቶ ጭረት ይሆናል። ፀጉሩ አጭር ካልሆነ ነጠብጣብ አያምርበትም። ረጅም ፀጉር ላይ ቅርጹ በተነካ ቁጥር ይበተናል፣ ስለዚህ ለረጅም ፀጉር እየደመቀ የሚሄደውን እመክራለሁ።

6. ማድረቅ

ፌስታሉና ፕላስተሩ አሁን ይነሣ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከፀጉሩ ወደ ፊቱ አቅጣጫ። አሻንጉሊቱን ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ቦታ አንጠልጥሉት ወይም አስቀምጡት፣ 24 ሰዓት። ሲነካ ደረቅ ነው ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ላዩ ነው ቶሎ የሚደርቀው።

ፀጉር ማድረቂያ ከተጠቀማችሁ ቀዝቃዛውን ንፋስ ብቻ። ፖሊስተር ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፣ የጋለ ንፋስ ክሩን ያኮማትረዋል። የተኮማተረ ፀጉር አይመለስም፣ አበጥሩት አጥቡት አይመለስም።

በማግስቱ ያንኑ የነጭ ጨርቅ ፈተና ስጡት። መጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ይለቃል፣ የሚጠበቅ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው ትርፍ ቀለም ነው። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ በደንብ ጨምቃችሁ፣ የተቀባውን ቦታ ብቻ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ። ንጹሕ ጎኑን እየቀያየራችሁ። አድርቁ፣ አበጥሩ። ሁለተኛ ዙር ቀለም ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ነው። ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ይሄን ጠረጋ አትዝለሉት፣ ነጭ ልብስ ላይ ቀለም ሲለቅ የሚያሳዝነው የቀባው ሰው ብቻ አይደለም።

7. ፊቱ

እጃችሁን ታጠቡ፣ ቦታውን አጽዱ። ፊቱን በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁ። ፖስካውን ደጋግማችሁ ነቅንቁ፣ ጫፉን ወረቀት ላይ ጫን ጫን አድርጋችሁ ቀለሙ እስኪወርድ ጠብቁ። ፊቱ ላይ በቀጥታ እንዳትጫኑ፣ አንዳንዴ ጠብታ ሙሉ ይወርዳል።

ትንሽ ነገር ብዙ ይለውጣል። አፍንጫው ሥር ሦስት አራት ፈዛዛ ቡኒ ነጠብጣብ። ከዓይኑ ውጫዊ ጥግ የሚነሡ አጫጭር ሽፋሽፍት። ዓይኑ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነጭ ነጥብ፣ ከነበረው ነጥብ በሰያፍ ተቃራኒ በኩል፣ ከእሱ ያነሰ። ይህቺ ነጥብ ብቻዋን አስተያየቱን ትቀይረዋለች፤ ወደ ላይ ካደረጋችኋት ተስፋ ያለው ይመስላል፣ ወደ ታች ካወረዳችኋት ሊያለቅስ የደረሰ። ከማሳረፋችሁ በፊት የጆሮ ጥጥ ጫፍ ወይም የነጭ ወረቀት ብጣሽ አስጠግታችሁ ቦታዋን ገምቱ።

ቀለሙን በአንድ ጊዜ ወፍራም አታድርጉ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በጥፍርም ይነሣል። ስስ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ መልሳችሁ። ለጉንጭ ማርከር ከመጠቀም ደረቅ የፓስቴል ጠመኔ ፈጭታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ብታደርጉ ይሻላል፣ ከማርከር የሚወጣ ጉንጭ ጠርዙ ይታያል። ሲያልቅ በውሃ የሚሠራ አብረቅራቂ ያልሆነ ቫርኒሽ በቀጭን ብሩሽ ደርቡበት፣ ፓስቴሉ ያለበትን ሳታሹ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ። በቆርቆሮ የሚነፋውን ቫርኒሽ አታምጡት፤ ውስጡ ያለው ማሟሟያ ከለስላሳ ቪኒል ጋር አይስማማም፣ ፊቱ ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሲበላሽ

ፊት ላይ የተሳሳተ አክሪሊክ እርጥብ ከሆነ በውሃ የነካ የጆሮ ጥጥ ይበቃዋል። ከደረቀ አይሶፕሮፒል ትንሽ ነክራችሁ፣ ጥጡን ጨምቃችሁ፣ የተሳሳተችውን ቦታ ብቻ። የፋብሪካው ቀለም አጠገብ ከሆነ ደጋግማችሁ አታሹ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈጽሞ አይሁን፣ ውስጡ ያለው አሴቶን ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ፀጉር ላይ ቀለም ካለፈባችሁ ወዲያው ድረሱበት። ጨርቁን በአይሶፕሮፒል አርጥባችሁ ክሩን በሁለት ጣት መሃል ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ሳቡት፣ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ አትሹት። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ይፈዛል። የቀረውን ጥላ ደግሞ የንድፉ አካል አድርጉት፤ በሌላኛውም ጎን ተመሳሳይ ብትጨምሩበት ታስቦ የተደረገ ይሆናል። ፀጉሩ ከደነደነ አልኮል በጥርስ ብሩሽ እየነካካችሁ አበጥሩት፣ ብዙ ጊዜ ይላላል፣ ትንሽ ቀለም ግን ይዞ ይሄዳል።

ከተቀባ በኋላ

ከፀሐይ አርቁት። የአልኮል ማርከር ቀለም ብርሃን አይወድም፣ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሮዝ ቀስ በቀስ ይወይባል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ፣ በላዩ ላይ ብቻ። ዝናብ ባለበት ቀን ቦርሳ ላይ አይንጠልጠል። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ከነካችሁ በኋላም ሳይደርቅ አትያዙት፤ የያዘውን ቀለም መልሶ የሚያስለቅቀው እሱ ነው።

አፉ ውስጥ ዕቃ ለሚከት ሕፃን የተቀባ አሻንጉሊት አይሰጥም፣ ማርከሩ ምንም ዓይነት ቢሆን። ለሌላ ሰው የምትሰጡ ወይም የምትሸጡ ከሆነ በእጅ የተቀባ መሆኑን፣ በምን እንደተቀባና እንዴት እንደሚጠረግ ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። የተጠቀማችሁባቸውን ማርከሮች ቁጥርም የሆነ ቦታ መዝግቡ። የጆሮው ጫፍ መጀመሪያ የሚፈዘው ቦታ ነው፣ እጅ ስለሚበዛበት፤ ያንኑ ቀለም ካገኛችሁ በጥቂት ደቂቃ ታድሱታላችሁ፣ ካላገኛችሁ ግን ሁለቱንም ጆሮ እንደገና መጀመር ነው።